ሽታ፣ ቀለምና ስዕል፦ የማሽተት ችሎታ ስለ አእምሮ ጤንነት የሚሰጠው ምልክት

ቡና ሲቆሉ የኖሩ እናቶች ብረት ምጣዱን ከእሳቱ ላይ ለማንሣት ሰዓት አይመለከቱም። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫም ወደ ቡናማ ሲለወጥ በዓይናቸው ይከታተሉታል፤ ጢሱ ከጥሬ እህል ሽታ ወጥቶ ቤቱን የሚያውድ መዓዛ ሲሆን ደግሞ አፍንጫቸው «ይብቃ» ይላቸዋል። ሁለቱ ምስክሮች አብረው ስለሚሠሩ የትኛው ቀድሞ እንደተናገረ እናቶቹ ራሳቸው ለይተው አያውቁም።

ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ እንዲህ ያሉ አንዲት እናት ይታሰቡ። በቀን ብርሃን የቆሉት ቡና እንደ ወትሮው ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት የቆሉት ግን አረረ። በሌላ ቀን ያደረውን ወጥ ተበላሽቶ ሳለ ለልጅ ልጆቻቸው ሊያቀርቡ ሲሉ ልጃቸው ደረሰችባቸው። ቤተሰቡ «እርጅና ነው፤ ሐሳባቸው ተበታትኗል» ብሎ ነገሩን ተቀበለ። እናቲቱም ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ስለ አፍንጫቸው አያነሡም፤ «እህሉ ሁሉ ጣዕም አጣብኝ» ነው የሚሉት። የደም ግፊታቸው ይለካል፣ ዓይናቸው ይታያል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የተባለ ቫይታሚን ታዝዞላቸው ይሰናበታሉ። ከአሥራ ሁለቱ የራስ ቅል ነርቮች የመጀመሪያው ሳይነካ ይቀራል። በምርመራ ካርዱ ላይ «ከሁለተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ደኅና ናቸው» ተብሎ የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር ለማንኛውም ሐኪም የታወቀ ነው።

የማሽተት ችሎታ እንዲህ የሚዘነጋው አንድም ሰው ያለ እርሱ መኖር ስለሚችል ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ረቂቅ ነው፤ ሽታን የሚለየው አፍንጫ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ዓይን፣ ትዝታና ቋንቋ አብረውት ይሠራሉ፤ አፍንጫ ሲደክም እነርሱ ጉድለቱን ይሸፍኑለታል። በዚህም ምክንያት ጉድለቱ ለባለቤቱም ለሐኪሙም ለዓመታት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል።

ከአፍንጫ እስከ ትዝታ

በአፍንጫ የላይኛው ጣሪያ ላይ የቴምብር ስፋት የማይሞላ ስስ ሽፋን አለ። በዚህ ሽፋን ውስጥ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት ጫፋቸውን ወደ አየሩ ዘርግተው ይገኛሉ። ከቡና፣ ከሎሚ ወይም ከበሰበሰ ሥጋ የተነሡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከአየሩ ጋር ገብተው እነዚህ ሕዋሳት ላይ ያሉትን ተቀባዮች ይነካሉ። የተቀባዮቹን ምሥጢር እ.ኤ.አ. በ1991 የገለጡት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

እዚህ ላይ ሽታን ከቀለም ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ዓይን የቀለምን ዓለም የሚያነበው በሦስት ዓይነት ቀለም ለይ ሕዋሳት ብቻ ነው። አፍንጫ ግን ወደ 400 የሚጠጉ የተለያዩ ዓይነት ተቀባዮች አሉት። አንድ ቅንጣት ብዙ ተቀባዮችን ይነካል፤ አንድ ተቀባይም ለብዙ ቅንጣቶች መልስ ይሰጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሽታ የሚታወቀው ፊደላት ተቀናጅተው ቃል እንደሚሠሩ ሁሉ በተቀባዮች ቅንጅት ነው። ቀለሞችን በቀስተ ደመና ላይ በተርታ መደርደር ይቻላል፤ ለሽታ ግን እንዲህ ያለ ቀስተ ደመና የለውም። ሽታን ለመግለጽ የሚቸግረውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

የነርቭ ሕዋሳቱ ክሮች እንደ ወንፊት በተበሳሳ ስስ አጥንት በኩል አልፈው ከአንጎል ሥር ወደሚገኘው የማሽተት ጉብታ ይደርሳሉ። ቀጥሎ ያለው ጉዞ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ይለያል። የዓይንና የጆሮ መልእክት ወደ አንጎል ቅርፊት ከመድረሱ በፊት ታላመስ በተባለው ማከፋፈያ በኩል ያልፋል። የሽታ መልእክት ግን በዚያ በር ሳያልፍ በቀጥታ ስሜትን ወደሚያስተናግደው አሚግዳላና የማስታወስ ማዕከል የሆነው ሂፖካምፐስ ደጃፍ ወደሆነው ኢንቶራይናል ቅርፊት ይደርሳል። ከብዙ ዓመት በኋላ የእጣን ወይም የአዲስ ቀጤማ ሽታ ድንገት ሲመጣ የልጅነት ቤት ከነሰዎቹ የሚታወሰው ስለዚህ ነው። የማስታወስ በሽታ ሲጀምርም ከቀደምት ተጎጂዎች አንዱ ማሽተት የሚሆነው በዚሁ ጉርብትና ምክንያት ነው፤ ወደዚህ ኋላ ይመለሳል።

ዓይን አፍንጫን ሲመራ

እ.ኤ.አ. በ2001 በፈረንሳይ ቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የወይን ጠጅ ሙያ ተማሪዎች የሆኑ 54 ሰዎች ሁለት ብርጭቆ ወይን ቀርቦላቸው ሽታውን እንዲገልጹ ተጠየቁ። አንደኛው ነጭ፣ ሁለተኛው ቀይ ነበር። ተማሪዎቹ ነጩን በነጭ ወይን የተለመዱ ቃላት፣ ቀዩን ደግሞ በቀይ ወይን የተለመዱ ቃላት ገለጹ። ነገር ግን «ቀዩ» ያው ነጭ ወይን ሆኖ ሽታ የሌለው ቀይ ማቅለሚያ የተጨመረበት ነበር። እነዚህ ሰዎች በሙያው የሠለጠኑ እንጂ ተራ ጠጪዎች አልነበሩም። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ያው ሽታ ያለው ፈሳሽ ቀለም ሲኖረው ቀለም ከሌለው ይልቅ በርትቶ እንደሚሸት ሰዎች እንደሚናገሩ አሳይቷል።

ይህን እንደ ማታለል ብቻ መመልከት ስሕተት ነው። አንጎል እያንዳንዱን ሽታ ከባዶ አይመረምርም፤ ዓይን ያየውን ይዞ አስቀድሞ ይገምታል፣ አፍንጫ የሚያመጣውን ከግምቱ ጋር ያስተያያል። ግምቱ ትክክል ሲሆን ሥራው ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በለንደን ጎትፍሪድና ዶላን ያደረጉት ምርምር ሰዎች ከሽታው ጋር የሚስማማ ስዕል እያዩ ሲያሸቱ ሽታ መኖሩን ፈጥነውና ብዙም ሳይሳሳቱ እንደሚያውቁ፣ በዚህም ጊዜ ሂፖካምፐስ እንደሚነቃ በአንጎል ምስል አሳይቷል። ይህም ማለት ስዕልና ሽታ የሚገናኙት በትዝታ ቤት ውስጥ ነው።

ግንኙነቱ ከፊሉ የተማሩት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የተለያየ አገርና ባህል ያላቸውን ሰዎች፣ ከእነዚህም መካከል ደቾችን፣ ጀርመኖችን፣ ማሌዎችንና አሜሪካውያንን አወዳድሮ፣ እያንዳንዱ ሕዝብ ለአንድ ሽታ የሚመርጠው ቀለም እርስ በርሱ የሚስማማ ቢሆንም ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ግን እንደሚለያይ ገልጧል። በአማርኛ ይህ ዝምድና በስሞቹ ላይ ሳይቀር ይታያል። ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን የመጡ ናቸው፤ ወይን ጠጅ የሚባለው ቀለም ስሙን ከመጠጡ፣ ሮዝም ከአበባው ወስዷል። ሽታ ያላቸው ነገሮች ለቀለም ስም ሲያበድሩ ለሽታቸው የራሱ ስም አልወጣለትም። የቡና ሽታ ዛሬም «የቡና ሽታ» ነው።

በእርግጥ አማርኛ በሽታ ቃላት ድኻ አይደለም። ይሸታል፣ ይገማል፣ ይከረፋል፣ ይጠነባል፣ ያውዳል ይባላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት በአብዛኛው የሚናገሩት ሽታው ደግ ነው ወይስ ክፉ፣ ብርቱ ነው ወይስ ለዘብተኛ የሚለውን ነው። ለየት ያለው ቅርናት ነው፤ የጥሬ ሥጋን፣ የዓሣንና እንቁላል የነካ ዕቃን ሽታ በአንድ ዓይነት ሥር ያሰባስባል። በማሌዢያና በታይላንድ ድንበር ደን ውስጥ የሚኖሩት ጃሃይ የተባሉ አዳኞች እንዲህ ያሉ ቃላት በብዛት አሏቸው፤ ለምሳሌ የቤንዚንን፣ የጢስንና የሌሊት ወፍ ኩስን ሽታ የሚጠሩበት አንድ ቃል አለ። ማጂድና ቡረንሁልት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እንደዘገቡት ጃሃዮች ሽታን ልክ እንደ ቀለም ያለ ችግር ይሰይማሉ፤ ለንጽጽር የቀረቡት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ቀለሙን በአንድ ቃል ጠርተው ሽታው ላይ ሲደርሱ በረጃጅም ሐረጎች ይንተባተባሉ። እንግዲህ አንድ በሽተኛ ሽታን መሰየም ቢያቅተው አፍንጫው ነው፣ ትዝታው ነው ወይስ ቋንቋው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለምርመራ ክፍሉ የሚወጣ ቀላል ትምህርት አለ። በሽተኛው የቡናውን ጥቁረት ወይም የሎሚውን ልጣጭ እያየ ከተጠየቀ የሚመልሰው በዓይኑ ነው። ዓይኑን መጨፈን፣ ዕቃውም ውስጡ የማይታይ መሆን አለበት። እያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ለየብቻ፣ ሌላው በጣት ተይዞ ይመረመራል። አሞኒያ፣ ኮምጣጤና ሚጥሚጣ ለዚህ አይሆኑም፤ አፍንጫን የሚያቃጥሉት በአምስተኛው ነርቭ በኩል ስለሆነ ሽታ ፈጽሞ የማይሰማውም ሰው ፊቱን ያዞርባቸዋል። የተፈጨ ቡና፣ ቅርንፉድ፣ ሳሙና ወይም ጤና አዳም ይሻላሉ።

ማሽተት ሲደክም

የአልዛይመር በሽታ በአንጎል ውስጥ የሚጓዝበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳዩት ሃይኮ ብራክና ኢቫ ብራክ የተባሉ ጀርመናውያን ናቸው። በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚቋጠሩት የፕሮቲን ክሮች ቀድመው ከሚታዩባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ከላይ የተጠቀሰው ኢንቶራይናል ቅርፊትና አካባቢው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ በፓርኪንሰን በሽታ የማሽተት ጉብታ እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ አስቀድሞ እንደሚጎዳ ገልጸዋል። ስለዚህ በሁለቱም በሽታዎች ማሽተት የሚደክመው ዋናው ምልክት ከመታየቱ ዓመታት ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል።

ይህ በሕይወት ባሉ ሰዎችም ላይ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ቺካጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት የማሰብ ችግር ያልታየባቸው 589 አዛውንት 12 ሽታዎችን እንዲለዩ ከተደረገ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከአማካዩ በታች ውጤት ያገኙት ከአማካዩ በላይ ካገኙት ይልቅ ለመለስተኛ የማስታወስ መዛባት የመጋለጥ ዕድላቸው በ50 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ57 እስከ 85 የሆኑ 3,005 ሰዎችን በአምስት ሽታዎች መርምሮ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት መኖራቸውን አጣርቷል። ማሽተት ደኅና ከነበሩት ውስጥ የሞቱት 10 በመቶ፣ መካከለኛ ድካም ከነበረባቸው 19 በመቶ፣ ፈጽሞ ከማይሸታቸው ደግሞ 39 በመቶ ነበሩ። አፍንጫ ሰውን አይገድልም። ይሁን እንጂ የማሽተት ሕዋሳት በየሳምንታቱና በየወራቱ የሚታደሱ በመሆናቸው መታደሳቸው ሲቋረጥ የሰውነት አጠቃላይ የመጠገን ኃይል መድከሙን ያመለክታል የሚል ግምት ተሰንዝሯል።

እነዚህ ቁጥሮች በሽተኛን ለማስፈራሪያ መዋል የለባቸውም። ሽታ ከማይሰማቸው ሰዎች የሚበዙት የመርሳት በሽታ የለባቸውም። ጉንፋን፣ አለርጂ፣ የአፍንጫ ፖሊፕና የሳይነስ ሕመም አየሩ ወደ ጣሪያው እንዳይደርስ ያግዳሉ፤ በመኪና አደጋ ራስ ሲመታ ቀጫጭኖቹ ክሮች በወንፊቱ አጥንት ላይ ይቆረጣሉ፤ አልፎ አልፎም ከግንባር በስተኋላ ያደገ እጢ ነርቩን ይጫናል። ዕድሜ ራሱም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኮቪድ-19 በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ሰዎችን ሽታ አሳጥቷል፤ ቫይረሱ በዋናነት የሚያጠቃው የነርቭ ሕዋሳቱን ሳይሆን የሚደግፏቸውን ሕዋሳት በመሆኑ አብዛኞቹ አገግመዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የብሪታንያ ጥናት በ785 ሰዎች ላይ ከሕመሙ በፊትና በኋላ የተነሣ የአንጎል ምስል አነጻጽሮ ቫይረሱ የያዛቸው 401 ሰዎች ከማሽተት ጋር በተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ላይ አነስተኛ ነገር ግን ሊለካ የሚችል ለውጥ እንደታየባቸው ዘግቧል።

በዚህ መስክ መቸኮል ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በፍሎሪዳ የተደረገ አነስተኛ ጥናት የአልዛይመር ሕሙማን በግራ የአፍንጫ ቀዳዳቸው የለውዝ ቅቤ የሚሸታቸው ዕቃው ከቀኙ ይልቅ በጣም ሲቀርብ ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ማንኪያ ለውዝና ማስመሪያ ብቻ የሚጠይቅ ምርመራ መገኘቱ በጋዜጦች ተስተጋባ። በማግስቱ ዓመት በፔንሲልቬንያ የተደገመው ምርምር የግራና የቀኙን ልዩነት ሊያገኘው አልቻለም።

ለሐኪሙ ይልቅ የሚጠቅመው «ሽታ መኖሩን ማወቅ»ን «ምን እንደሆነ ማወቅ» ከሚለው መለየት ነው። «ምንም አይሸተኝም» የሚል ሰው በመጀመሪያ የአፍንጫ ምርመራ ያስፈልገዋል። «አንድ ነገር ይሸተኛል፣ አውቀዋለሁም፣ ግን ምን እንደሆነ ጠፋኝ» የሚለው ደግሞ፣ በተለይ ይህ አዲስ ነገር ከሆነ፣ የማስታወስ ችሎታው ሊታይለት ይገባል።

ሰዓት መሣልና ሽታን በስዕል ማመልከት

የማሰብ ችሎታን ለመለካት በብዙ አገር የሚሠራበት ቀላል ዘዴ ሰዓት ማሣል ነው። ተመርማሪው በባዶ ወረቀት ላይ ክብ ሰዓት እንዲሥል፣ ቁጥሮቹን በየቦታቸው እንዲያኖር፣ ጠቋሚዎቹም 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንዲያሳዩ እንዲያደርግ ይጠየቃል። ይህ ሰዓት የተመረጠው በምክንያት ነው። ረጅሙ ጠቋሚ ማረፍ የሚገባው በ2 ላይ ሲሆን የፊተኛው የአንጎል ክፍሉ የደከመ ሰው ግን «አሥር» የሚለውን ቃል እንደሰማ እጁ ወደ 10 ቁጥር ይሳባል።

ይህ ምርመራ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ያልታሰበ ወጥመድ ይገጥመዋል። በአገሩ አቆጣጠር ሰዓት የሚጀምረው ከንጋት ስለሆነ የብዙ ሰው የእጅ ሰዓት 5ን ሲያመለክት ባለቤቱ «አሥራ አንድ ሰዓት» ብሎ ያነባል። ስለዚህ «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» እንዲሥሉ የተጠየቁ አዛውንት አጭሩን ጠቋሚ ከ5 አለፍ አድርገው ቢያሳርፉ አልተሳሳቱም፤ እንዲያውም በልባቸው አንድ ተጨማሪ ስሌት ሠርተዋል። ሰዓታቸውን በአገሩ አቆጣጠር የሞሉት ደግሞ በ11 አጠገብ ያሳርፉታል፤ እርሱም ልክ ነው። መርማሪው አስቀድሞ «የእርስዎ ሰዓት እንዴት ነው የተሞላው?» ብሎ ካልጠየቀ ጤነኛውን በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል። እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናት የሚሥሉት የተጣመመ ክብም ትምህርት ቤት አለመግባታቸውን እንጂ አእምሯቸው መድከሙን አያስረዳም።

ስዕሉ የሚፈትነው በዋናነት ማቀድንና ስፍራ መለየትን፣ ማለትም የፊተኛውንና የጎነኛውን የአንጎል ክፍል ነው። የሽታ ምርመራ የሚደርሰው ወደ ጊዜያዊው ክፍል ውስጠኛ ገጽ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም፤ አንዱ ደኅና ሆኖ ሌላው ሊደክም ይችላልና ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሠሩ ይበልጥ ይናገራሉ።

የሽታ ምርመራ መሣሪያዎች ራሳቸው ከስዕል መሣሪያ ጋር መመሳሰላቸው ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሪቻርድ ዶቲ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ምርመራ 40 ሽታዎች በወረቀት ላይ የታተሙበት ደብተር ሲሆን ሽታው የሚወጣው ወረቀቱ በእርሳስ ጫፍ ሲፋቅ ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራው ደግሞ በቀለም ፈንታ ሽታ የተሞላ የብዕር ስብስብ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከአፍንጫ ሥር ይያዛል። በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ የተዘጋጀ ሌላ ምርመራ ደግሞ ተመርማሪው የሽታውን ስም እንዲናገር አያስገድድም፤ ስዕሎች ተደርድረውለት በጣቱ ያመለክታል። ይህ ማንበብ ለማይችልና ቃል ለጠፋበት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ስሙን ያጣ ግን ስዕሉን የሚያመለክት ሰው ሽታውን አልረሳም፤ የጠፋበት ቃሉ ነው።

የአሜሪካው ደብተር እንዳለ ተተርጉሞ ለኢትዮጵያውያን ቢሰጥ ውጤቱ አይታመንም። ከሽታዎቹ መካከል ፒዛ፣ በሆምጣጤ የተቀመጠ ዱባ መሰል ኪያርና «ሩት ቢር» የተባለ የአሜሪካ ለስላሳ መጠጥ ይገኙበታል። ጃፓኖች ይህን አስተውለው በራሳቸው ምርመራ የአገራቸውን የጥድ ዓይነት እንጨትና ተማሪዎቻቸው የቁም ጽሕፈት የሚለማመዱበትን ጥቁር ቀለም አስገብተዋል። ለኢትዮጵያም ቡና፣ እጣን፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ሎሚ ያሉበት፣ መልሱም በስዕል የሚመለከት ምርመራ ማዘጋጀት ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ከባዱ ሥራ በጤነኞች ላይ ተሞክሮ ለየዕድሜው የሚገባው ልክ እንዲወጣለት ማድረጉ ነው፤ ያለዚያ አሳማኝ የሚመስል ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መሣል መለኪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ የትዝታ ድጋፍ መሆኑም መጠቀስ አለበት። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተሙ ሙከራዎች ሰዎች የተሰጣቸውን ቃል ከሚጽፉት ይልቅ ሲሥሉት የተሻለ እንደሚያስታውሱት አሳይተዋል፤ የሥዕሉ ማማር ግን ለውጥ አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚሁ ተመራማሪዎች ጥቅሙ በአዛውንትም ላይ እንደሚታይ ዘግበዋል። ምክንያቱ ከቡናው ቆይ ምክንያት የራቀ አይደለም፤ ነገሩ በእጅ፣ በዓይንና በትርጉም በኩል በአንድ ጊዜ ስለሚገባ የሚወጣበትም በር ይበዛል።

ማሽተትን ማሠልጠን

እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ድሬስደን ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ ሽታ ላጡ ሰዎች ቀላል ልምምድ ሰጡ። አራት ሽታዎች፣ ማለትም ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንት ይሸተታሉ። ከተለማመዱት ውስጥ የተሻላቸው ሲገኙ ካልተለማመዱት ጋር ልዩነቱ ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ከጉንፋንና ከኮቪድ-19 በኋላ ለሚመጣ የማሽተት ድካም በብዙ አገር ይመከራል። ከአራቱ ሦስቱ በአዲስ አበባ ገበያም ሆነ በገጠር ጓሮ በቀላሉ ይገኛሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ታሽቶ፣ የሎሚ ልጣጭ ተፍቆ፣ ቅርንፉድ ተወቅጦ በየራሱ ክዳን ባለው ብልቃጥ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ለ20 ሰከንድ ያህል በቀስታ ይሸተታል፤ የሚሸት ሰውም የነገሩን መልክና የሚያውቀውን ትዝታ በልቡ እንዲያመጣ ይመከራል። ደረቅ ቅጠል ከተጣራ ዘይት ስለሚደክም ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ዘይት ያገኘ ሰው በአፍንጫው ውስጥ መጨመር የለበትም። ፍሬው በሳምንት አይታይም፤ ሦስት ወር ሞልቶት ለውጥ ያላየ ሰው እንኳ እንዲቀጥል ይበረታታል።

ይህ ልምምድ የጤነኛ አዛውንትን ትዝታ ያጠነክራል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በካሊፎርኒያ ኧርቫይን ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 85 በሆኑ 43 ሰዎች ላይ በየሌሊቱ ለሁለት ሰዓት መዓዛ በክፍላቸው እየተለቀቀ ለስድስት ወር ከቆየ በኋላ በአንድ የቃላት ትውስታ ፈተና የ226 በመቶ ብልጫ መታየቱን ዘግቧል። ቁጥሩ በዓለም ጋዜጦች ተሰራጭቷል። የተሳታፊዎቹ ማነስና ጥናቱን የደገፈው ኩባንያ ሽታ አዘል ምርቶችን የሚሸጥ መሆኑ ግን አብሮ መነገር ነበረበት። ሰፋ ያለ ጥናት እስኪደግመው ድረስ ለሕሙማን ተስፋ አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

ማሽተት ያጣ ሰው የሚጎድለው መዓዛ ብቻ አይደለም። ምግቡ ጨው፣ ስኳር፣ ኮምጣጣና መራራ ብቻ ሆኖ ይቀርበታል፤ ይከሳል፣ ወይም ጨውና ስኳር ያበዛል። የራሱን ጠረን ስለማያውቅ ከሰው መካከል መቀመጥ ይሳቀቃል። ቡና ጠርቶ ማጫወትን የተወ አዛውንት ጎረቤቱን ያጣል፤ ብቸኝነትና ሐዘን ደግሞ ለአእምሮ ራሳቸውን የቻሉ ሸክሞች ናቸው። ስለዚህ ቤተሰቡ «ተዉት፣ እኛ እንሠራለን» ብሎ ሥራውን ከመንጠቅ ይልቅ የሚጎድለውን ምስክር ቢተካላቸው ይሻላል። ብረት ምጣዱ ብርሃን ወዳለበት ይቅረብ፣ ወጡ የተሠራበት ቀን በክዳኑ ላይ ይጻፍ፤ የልጅ ልጅ ከአጠገባቸው ተቀምጦ የአፍንጫውን ዜና ይንገራቸው።

የጋዝ ምድጃ ያለበት ቤት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። የማብሰያ ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ሲያፈስስ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ ክፉ ሽታ ይጨመርበታል። ማሽተት ለማይችል ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ዋጋ ስለሌለው ማታ ማታ የሲሊንደሩን ቧንቧ የሚዘጋ ሌላ ሰው መመደብ አለበት። የከሰል ምድጃ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ደኅና አፍንጫ ያለውንም ሰው አያስጠነቅቅም፤ ከሰሉ ነድዶ ጢሱ ቢጠፋም ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደጃ አስገብቶ መተኛት ለሚያሸትም ለማያሸትም እኩል አደገኛ ነው።